ከእናቴ ጋር ወደ እንጦጦ ማርያም

እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ያለ ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከላይ ሆነው ሲያዩ ከተማዋ በሙሉ ከሥሩ ተዘርግታ ትታያለች። ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ በጉለሌ በኩል፣ ሽሮ ሜዳን አልፎ ነው። ብዙ ሰው በመኪና ይወጣዋል። እኛ ግን በእግራችን ወጣነው። ያውም አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ሰባት ቀን ነው። የወጣነውም እኔና እናቴ ነን።

ጊዜው ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነበር። እናቴ ያን ጊዜ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ደም ብዛትም አለባት። በሽታው ከታወቀላት ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ በየቀኑ አንድ ፍሬ ኪኒን ትውጣለች። ታዲያ እንዲህ ያለችን ሴት ምን ተራራ አስወጣት? ትሉ ይሆናል። ነገሩ ስለት ነው። ወንድሜ ለሥራ ዓረብ አገር ሄዶ ችግር ላይ ወድቆ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ወሬው ጠፋ። እናቴም፣ «ልጄን በሰላም አገሩ ካገባሽልኝ ሰባት ቀን በእግሬ ወጥቼ ጸበልሽን እጠመቃለሁ» ብላ ለእንጦጦ ማርያም ተሳለች። ወንድሜ በሐምሌ ወር ገባ። ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅን። ከዚያ በኋላ እናቴን የሚያቆማት አልተገኘም።

«እማዬ፣ በታክሲ ብንሄድስ? ማርያም እንደሆነች ጉልበትሽን ታውቀዋለች» አልኳት።

«ስለት በታክሲ አይከፈልም» አለችኝ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ጥቅምት 14 ቀን ጀመርን። ቤታችን ጉለሌ ስለሆነ ከሽሮ ሜዳ ብዙ አይርቅም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ ደረስን። ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ነው። ከጋሞ አገር የመጡ ሸማኔዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ በዚያ ሰፈር ይኖራሉ። በዚያ ሰዓት ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ግን ካንዳንዱ ቤት የመብራት ጭላንጭል ይታያል፤ ሸማኔው ሲሠራ ድምፁ እስከ መንገድ ይሰማል። ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ጋቢ እየተሠራ ነው ማለት ነው። እናቴም የለበሰችው የዚያኑ ሰፈር ጋቢ ነው። ነጠላዋን አጣፍታለች፤ በእጇ ምርኩዝ ይዛለች። እኔ ባለ አምስት ሊትር ባዶ ጀሪካን አንጠልጥያለሁ። እህልም ውሃም አልቀመስንም። ወደ ጸበል የሚሄድ ሰው በባዶ ሆዱ ነው የሚሄደው።

ብርዱ ጉድ ነው። አባቶች «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም።

ከሽማግሌ ጋር ዳገት መውጣት የራሱ ሥርዓት አለው። እኔ እንደ ልማዴ ከፊት ከፊት ስል እናቴ ጠራችኝ። «ነይ ከኋላዬ ሁኚ። ደካማ ይቅደም» አለችኝ። ምክንያቱን አልነገረችኝም። እኔም ከኋላዋ ሆንኩ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ብርቱው ከፊት ከሆነ ደካማው ሳይወድ ይሮጣል። ደካማው ከፊት ከሆነ ግን ሁለቱም የሚሄዱት በደካማው አቅም ነው። እናቴ 50 እርምጃ ያህል ትሄድና ትቆማለች። መቁጠሪያዋን በጣቷ እያሳለፈች ትተነፍሳለች። ከዚያ ደግሞ ትነሳለች። በዳገት ላይ ወሬ የለም። ወሬ ያለው በእረፍት ነው።

በዚህ ተራራ ላይ ጤነኛ ሰው እንኳ ቶሎ ያለከልካል። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ኦክሲጅን በአንድ ትንፋሽ አያገኝም። ሯጮቻችን እንጦጦ ላይ ልምምድ የሚያደርጉትም ስለዚህ ነው። ሰውነታቸው ሳሳ ያለውን አየር ሲለምድ፣ ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆኑት ቀይ የደም ሕዋሳት ይበዛሉ። ወደ ቆላ ወርደው ሲወዳደሩ ይህ ይጠቅማቸዋል። እኛ በምንወጣበት ሰዓት አምስት ስድስት ሆነው፣ ትንፋሻቸው እየጨሰ፣ በአጠገባችን ያልፉ ነበር። «በርቺ እማማ!» ይሏታል። እናቴም «እናንተም በርቱ» ትላለች። ካለፉ በኋላ ግን ወደ እኔ ዞራ፣ «ምነው ሥራ የላቸውም እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ጎህ ሲቀድ እኛ ወደ ላይ ስንወጣ ወደ ታች የሚወርዱ ሴቶች አገኘን። እንጨት ተሸካሚዎች ናቸው። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በገመድ አስረው በጀርባቸው ተሸክመዋል። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ቁመት ይረዝማል። 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ከሩቅ ሲያዩት እንጨቱ ራሱ በእግሩ የሚሄድ ይመስላል። ከሥሩ ያለችው ሴት ወገቧ ታጥፎ ፊቷ መሬት መሬት ያያል። ቀና ማለት አይቻልም። ሰላምታ ሲሰጡም አንገታቸውን ሳያነሱ ነው።

እናቴ መንገዱን ለቃ ቆመች። ሴቶቹ እስኪያልፉ ድረስ ዝም ብላ አየች። ከዚያም፣ «እኔ ይህን መንገድ በጀርባዬ ነው የማውቀው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እናቴ ከ1962 እስከ 1973 ዓ.ም. ድረስ እንጨት ትሸከም ነበር። እኔ ያን ጊዜ ገና አልተወለድኩም። ነገሩን በወሬ አውቀው ነበር እንጂ መንገዱን አብሬያት ወጥቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእረፍቱ ቦታ ታሳየኝ ገባች። ከዚህ ድንጋይ ላይ ሸክም ይሳረፋል። ሸክሙን መሬት ካወረዱት ብቻን ማንሳት አይቻልም። ስለዚህ በወገብ ልክ ያለ ድንጋይ ይፈለጋል። ተሸካሚዋ ጀርባዋን ወደ ድንጋዩ ሰጥታ ሸክሙን ታስደግፋለች፤ ትንሽ ትተነፍስና ሳታወርደው ትነሳለች። ከወዲያ ደግሞ ጥበቃዎቹ የሚቆሙበት ነው። የያዙት እንደሆነ እንጨቱን ይነጥቃሉ፤ ገመዱንም ይወስዳሉ። «ከእንጨቱ የገመዱ ይቆጭ ነበር» አለች እናቴ። «እንጨት ይለቀማል። ገመድ ግን በገንዘብ ነው።»

ለዚች ሥራ የሚከፈለው ምን ያህል ነው ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ። «ለእራት የሚሆን ነዋ» አለች።

ማንበብ የተማረችውም በዚያው ዘመን ነው። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ዘመቻው በቆየባቸው ዓመታት በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ሰጥቷል። እናቴ በቀበሌያችን ተመዘገበች። ቀን እንጨት ትሸከማለች፤ ማታ ትማራለች። ደብተር ቤት ተቀምጦ ቢሆንም ፊደሉ ቀን ቀን ይጠፋባት ነበር። ስለዚህ ተራራው ላይ እንጨቷን አስራ ስታበቃ የባሕር ዛፍ ልጥ ትልጥና በከሰል ትጽፍበት ነበር። ልጡ ከውስጥ በኩል ነጭና ለስላሳ ነው። ጓደኞቿ «ይቺ ሴት አበደች» ይሏት እንደነበር አጫወተችኝ።

ይህ ባሕር ዛፍ የሚባለው ዛፍ ራሱ እንግዳ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው በ1887 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን ያደረጉት እዚሁ እንጦጦ ላይ ነበር። ቦታው ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል። ለኑሮ ግን አልተመቸም። ነፋሱና ብርዱ ከባድ ነው። ውሃ ይርቃል። ሠራዊቱና የከተማው ሰው ጥዱንና ወይራውን ቆርጦ ጨረሰው፤ የማገዶ ችግር መጣ። እቴጌ ጣይቱም ወደ ፍል ውሃ ወርደው ቦታውን ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ስሟንም ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። እንግዲህ ከተማው ከተራራው የወረደበት አንዱ ምክንያት ማገዶ ማጣት ነው። ቆይቶ ባሕር ዛፍ ተተከለ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የአዲስ አበባ ምድጃ ሁሉ በእርሱ ነደደ። ውሃ ይመጣል፣ ሌላ ተክል በሥሩ አያበቅልም ብለው የሚወቅሱት ብዙ ናቸው፤ ወቀሳውም ልክ ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ ዘመን እንጨቱን በጀርባቸው ያወረዱትን ሴቶች ስም የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ከቀድሞዎቹ ተሸካሚዎች አንዳንዶቹ በማኅበር ተደራጅተው ሻርፕና ነጠላ ወደ መሸመን ገብተዋል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል፤ የተራራው መልክም ተለውጧል። እኔ የምነግራችሁ ከዚያ በፊት የነበረውን መንገድ ነው።

ወደ ጉዟችን እንመለስ። እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ከሽሮ ሜዳ ጤነኛ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅበትን እኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀንበት። ቤተ ክርስቲያኗ ስምንት ማዕዘን ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ያሠሯት ናት። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በእርሷ ነው፤ የቀቧቸው ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ናቸው። በግቢው ውስጥ የንጉሡና የእቴጌይቱ ልብስና ዕቃ የሚታይበት ሙዚየም አለ። በስተ ውጭ ደግሞ የምኒልክ የድሮ ቤተ መንግሥት አለ። ቤተ መንግሥት ሲባል ትልቅ ፎቅ እንዳይመስላችሁ። ግድግዳው ነጭ የተቀባ፣ የሣር ክዳን ያለው ቤት ነው። እናቴ ደጁን ስማ፣ ተንበርክካ ሰገደች። ከዚያ ወደ ጸበሉ ቁልቁል ወረድን።

በጸበሉ ቦታ ጫማ ይወልቃል። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን ይጠመቃሉ። ውሃው እንደ በረዶ ነው። ካህኑ እየጸለዩ ሲያፈሱበት ሰው ሁሉ ይጮኻል፤ አንዳንዱ ከብርዱ፣ አንዳንዱ ከሕመሙ። ከዚያ ጸበሉ በጣሳ ይጠጣል። የቀረው በጀሪካን ተቀድቶ ለቤት ይወሰዳል። በተራራው ላይ በጭቃ የተሠሩ ትናንሽ ክፍሎች ተከራይተው ወራት የሚቀመጡ ሕመምተኞች አሉ። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከሐረርጌ የመጣ ሰው አይቻለሁ። ሁሉም ቢሆን እንደ እኛ መንገድ ሄዶ የመጣ ነው፤ የእኛ አጭሩ ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት ወደዚህ ቦታ ብዙ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ይመጡ ነበር። መድኃኒት አልነበረም፤ የነበረውም ውድ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋሞች በነፃ መሰጠት ጀመረ። ያን ጊዜ ሌላ ጭንቅ መጣ። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት ከዋጠ እምነቱ ጎደለ ማለት ነው የሚሉ ሰዎች ነበሩ። መድኃኒታቸውን የጣሉም አሉ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ነገሩን በግልጽ ተናገሩ። ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አንዱ ከሌላው አይጣላም፣ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት አይደለም አሉ። ይህ ቃል የብዙ ሰው ነፍስ ያተረፈ ይመስለኛል። ነገር ግን ቃል ከከተማ ተነስቶ ወደ ሁሉ ጆሮ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ቆይቶ የእናቴን ጆሮ ቀድሞ ያገኘው ሌላው ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን፣ ጥቅምት 17፣ ስንመለስ እናቴ ከመንገዱ ዳር ቁጭ አለች። ፊቷ ቀልቷል። «ማጅራቴን ያዘኝ። መሬቱ ይዞራል» አለች። ውሃ ሰጠኋት። አልተሻላትም። መኪና ለምኜ ሽሮ ሜዳ አወረድኳት፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ክንዷ ላይ ጠቅልላ ለካች። 190 በ110 ሆነ። እንደገና ለካች። ያው ነው።

«እናቴ፣ ኪኒንዎን ይወስዳሉ?» አለቻት።

እናቴ ዝም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ካቆምኩ አራት ቀኔ ነው» አለች።

ለካ የመጀመሪያ ቀን በጸበሉ ቦታ አጠገቧ ልብስ ስትለብስ የነበረች ሴት፣ «ኪኒን እየዋጡ ጸበል መጠመቅ ማርያምን መፈታተን ነው» ብላታለች። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም። የሰማችውን ነው የተናገረችው። እናቴም ስለቷ እንዳይበላሽባት ፈራች። ልጇን የሰጠቻትን ማርያምን እንዴት ትፈታተን? እኔ እንዳላውቅ ኪኒኑን ከሳጥኑ እያወጣች በመሃረብ ትቋጥረው ነበር። አራቱም ፍሬ መሃረቡ ውስጥ አለ።

ነርሷ አልተቆጣችም። ቀስ ብላ አስረዳቻት። ደም ብዛት ማለት ደም በሥሮቻችን ውስጥ ከልክ ባለፈ ኃይል ሲገፋ ነው። በላይኛው ቁጥር 140፣ በታችኛው ቁጥር 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከቆየ በሽታ ይባላል። አስቸጋሪነቱ ብዙውን ጊዜ ሕመም አለመኖሩ ነው። ሰው ደኅና ነኝ ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል። ግፊቱ ግን ሳይታወቅ ይወጣል። ከዕለታት አንድ ቀን በጭንቅላት ውስጥ ያለ ሥር ሊፈነዳ ወይም ሊደፈን ይችላል፤ ሰው አንድ ወገኑን ሽባ ይሆናል፣ ይሞታልም። መድኃኒቱ በሽታውን ነቅሎ አያወጣውም፤ ይይዘዋል እንጂ። ስለዚህ ሐኪም ካልተናገረ በቀር በየቀኑ ይዋጣል። ነርሷ ይህን ተናግራ ስታበቃ መድኃኒት ሰጠቻት፤ እስኪወርድ ድረስም አስተኛቻት። ነገም አርፈው ይዋሉ አለች።

«ስለቴስ?» አለች እናቴ። ከበሽታው ይልቅ ያስጨነቃት እርሱ ነው።

እኔ ብዙ መናገር እችል ነበር። ግን እናቴ ስለ ማርያም ከኔ እንደማትማር አውቃለሁ። በዚያው ማታ ሰፈራችን ያሉትን አንድ ሽማግሌ ቄስ ጠርቼ አመጣሁ። የነፍስ አባቷ ናቸው። ቡና ተፈላ። እናቴ ሁሉን ነገረቻቸው።

«አባ፣ እምነት አጎደልኩ አያሰኝም ወይ?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ሐኪሙን ማን ፈጠረው?» አሏት።

«እግዚአብሔር።»

«ቅጠሉንስ፣ ኪኒኑ የሚሠራበትን?»

«እግዚአብሔር።»

«ታዲያ በሁለት እጁ ሲሰጥሽ ባንዱ ብቻ የምትቀበይው ስለ ምንድን ነው? ጠዋት ከተጠመቅሽ በኋላ ኪኒንሽን በዚያው በጸበሉ ዋጪው። ነገ ደግሞ እረፊ። አንድ ቀን ብትውዪ ስለትሽ አይፈርስም፤ ማርያም እንደ ቀበሌ ጸሐፊ መዝገብ ይዛ አትጠብቅሽም።»

እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ግን ያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ትንፋሿን ስሰማ ነው ያደርኩት።

አንድ ቀን አረፈች። ተለካች፤ ወረድ ብሏል። ጥቅምት 19 ቀን ደግሞ ጀመርን። አሁን ኪኒኗን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትወጣው። ከጸበሉ ስትወጣ ፈትታ ትውጠዋለች፤ በላዩ ዳቦ ትበላለች። ያቺ የመጀመሪያ ቀኗ ሴት አየቻት። እናቴም የአባን ቃል አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ሴትየዋ አልመለሰችላትም። ተቀበለችው ወይ አልተቀበለችው አላውቅም።

በስድስተኛው ቀን እናቴ ብርታት ተሰማትና ወደ ቅዱስ ራጉኤል ጎራ እንበል አለች። እርሱም በዚያው በእንጦጦ ላይ ያለ ትልቅ ደብር ነው። ክብረ በዓሉ መስከረም 1 ቀን፣ በዘመን መለወጫ ስለሆነ ያን ዕለት ተራራው በሰው ይሞላል። እኛ በሄድንበት ቀን ግን ጭር ብሎ ነበር። ተሳልመን ወጣንና ከተራራው ጀርባ ላይ ቆምን። በስተ ደቡብ አዲስ አበባ ናት። በስተ ሰሜን የሱሉልታ ሜዳ ነው። ይህ ጀርባ የውሃ ድንበር ነው። በስተ ደቡብ የወረደ ዝናብ በቀበናና በቀጨኔ ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በስተ ሰሜን የወረደው ደግሞ በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜድትራንያን ባሕር ይደርሳል። ሁለት ጠብታ ጎን ለጎን ወድቀው የሚለያዩት ይህን ያህል ነው።

እናቴ ግን የምታየው ውሃውን አይደለም። በምርኩዟ ወደ ሰሜን አመለከተች። «በዚያ ነው ከአባቴ ጋር የሄድነው» አለች።

1955 ዓ.ም. ነው፤ እናቴ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። አያቴ በየዓመቱ ለግንቦት 12፣ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ ይሄዱ ነበር። መንገዱ በእንጦጦ ላይ አድርጎ፣ በሱሉልታና በጫንጮ አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡስ ነበረ። አያቴ ግን የሚሄዱት በእግራቸው ነው፤ ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል። ምክንያቱም ይህ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሽስት ጣልያን ጦር በግራዚያኒ ትእዛዝ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱንና ለበዓሉ የመጣውን ሕዝብ ፈጅቷል። ግራዚያኒ ራሱ የዘገበው በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ በኋላ ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ግን ሟቹ ከሺህ በላይ እንደሆነ ጽፈዋል። የአያቴ ታላቅ ወንድም ከዚያ ደብር ዲያቆኖች አንዱ ነበሩ። አልተመለሱም። አያቴ ወንድማቸው በእግሩ በሄደበት መንገድ በመኪና አልሄድም አሉ።

«ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ ነበር» አለች እናቴ። «እኔ እግሬ ሲቆስል አባዬ ከፊት አድርጎኝ ነበር የሚሄደው። ደካማ ይቅደም ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከኋላዬ ሆኖ የሚያለቅስ ይመስለኝ ነበር። ዞሬ ግን አላየሁም።»

ብዙ ቆየን። ነፋሱ ሲበረታ ወረድን።

በሰባተኛው ቀን፣ ጥቅምት 21፣ የማርያም ዕለት ነውና ሰው ብዙ ነበር። እናቴ ተጠመቀች፤ ኪኒኗን ዋጠች፤ «ተመስገን፣ ከፍያለሁ» አለች። ልንሄድ ስንነሳ አንዲት ወጣት ሴት ነጠላዬን ያዝ አደረገችኝ። ዕድሜዋ ከ30 አይበልጥም። ከወሎ ነው የመጣችው። በፌስታል ሁለት የመድኃኒት ሳጥን ይዛለች። ከሐኪም ቤት ሲሰጧት ነግረዋታል፤ ግን አንዱ ካንዱ ጠፍቶባታል። አንዷ በቀን ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዷ አንድ ጊዜ። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች አታውቅም። ተሳስቼ ከምሞት ብላ ሁለቱንም ትታቸዋለች።

ሳጥኑን ላነብላት እጄን ስዘረጋ እናቴ ቀደመችኝ። መነጽሯን ከደረቷ አወጣች። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በሳጥኑ ላይ መድኃኒት ቤቱ በእስክሪብቶ የጻፈውን በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። እናቴ ስታነብ ቀስ ብላ ነው። ከጀመረች ግን ሳትጨርስ አትተውም።

«ጠዋትና… ማታ… አንድ… አንድ ፍሬ… ከምግብ በኋላ። ይቺ ነች ሁለት ጊዜዋ» አለች። ሁለተኛውን አነሳች። «ማታ… ስትተኚ… አንድ ፍሬ። በቃ።»

ልጅቷ ደጋግማ አለችው። እንዳይጠፋባት ፈራች። እናቴ ከእኔ እስክሪብቶ ተቀበለች። በአንደኛው ሳጥን ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሣለች። በሁለተኛው ላይ ጨረቃ ብቻ ሣለች። ልጅቷ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ሳጥኖቹን ወደ ፌስታሉ አልመለሰቻቸውም።

«እማማ፣ ይችኛዋ ፊደል ምን ትላለች?» አለች። ጣቷን መጀመሪያው ላይ አድርጋለች።

«ጠ» አለች እናቴ።

«ይችስ?»

«ዋ።»

ጀሪካኑን መሬት አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እናቴ ከመሬት አንድ ቁራጭ ልጥ አነሳች፤ አገላብጣ ነጩን ወገን ፈለገች። ፀሐይዋ በርትታ ሰዉ ሁሉ መበተን ሲጀምር እነርሱ ገና «ት» ላይ ነበሩ።